ያለ ልምድ መኪና ጫኝ ሹፌር መሆን፦ ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ መኪናዬን አቁሜ ሻይ ስጠጣ አንድ ወጣት ቀርቦ «ጋሼ፣ መኪና የሚጭነው መኪና ላይ አስገባኝ፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ» ሳይለኝ የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነው። ካስገባኋቸው መካከል ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ወይ ጥለው ሄደዋል ወይ ተባርረዋል። መንዳት ያቃተው ግን አንድም አልነበረም። አንዱ ማሰሪያውን የማይታሰርበት ቦታ አስሮ የሰው መኪና ፓራውልት ነቀለ። ሌላው ሳያይ ፈርሞ የተረከበውን ጭረት ከደመወዙ ከፈለ። ሦስተኛው የጣርማበርን ቁልቁለት በከፍተኛ ማርሽ ወርዶ ደብረ ሲና ሲደርስ ጎማው ይጨስ ነበር።

እህል ቢፈስ ይታፈሳል፤ ሲሚንቶ ቢቀደድ የሚጎድለው አንድ ከረጢት ነው። አዲስ መኪና ግን የጥፍር ያህል ጭረት ካለበት ባለቤቱ አይቀበልህም። ስለዚህ ይህ ሥራ መሪ ከመጨበጥ በፊት በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂድበት።

ደረጃ 1፦ የትኛውን መኪና ጫኝ እንደምትፈልግ ለይ

«መኪና ጫኝ» በሚለው ስም የሚጠሩት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሀ. አንድ መኪና ብቻ የሚጭን፣ ጠፍጣፋ ወለልና የሚጎትት ዊንች ያለው። በከተማና በአቅራቢያው የተበላሹ ወይም የተጋጩ መኪኖችን ያነሳል።

ለ. ሎቤድ። በዋናነት ኤክስካቫተር፣ ሮለርና የፋብሪካ ማሽን የሚያጓጉዝ ዝቅተኛ ተሳቢ ነው፤ አንዳንዴ መኪናም ይጭናል።

ሐ. ባለ ሁለት ወለል ተሳቢ። ብዙ መኪኖችን በአንድ ጊዜ ከወደብ ወደ ደረቅ ወደብ ወይም ወደ ሻጮች ግቢ የሚያደርሰው ይህ ነው።

ሁሉም ሦስተኛውን ይመኛል። እኔ የምመክርህ ከመጀመሪያው እንድትጀምር ነው። የተበላሸ መኪና የሚያነሳ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ጎማው የማይዞር፣ መሪው የተቆለፈ፣ ባትሪው የሞተ፣ ቁልፉ የጠፋ መኪና ሁሉ ያጋጥመዋል። ባለ ሁለት ወለሉ ላይ ዓመት ቢቆዩ እንኳ ይህን ያህል ዓይነት ችግር አይታይም። በዚያ ላይ የምትሳሳተው በአንድ መኪና ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ወረቀትህን አሟላ

1. የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ብቻ ይዘህ አትምጣ። የጭነት መንጃ ፈቃድ ምድቦች ከአነስተኛ ጭነት ተነስተው እስከ ተሳቢ ይደርሳሉ። ተሳቢ ለመንዳት ከፍተኛው የደረቅ ጭነት ምድብ፣ በተለምዶ «ደረቅ 3» የሚባለው፣ ያስፈልግሃል። የቀድሞዎቹ ሹፌሮች «አምስተኛ» የሚሉት የድሮውን አጠራር ነው።

2. ለማሰልጠኛ ተቋም ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የምትኖርበት ከተማ የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂድ። ለምትፈልገው ምድብ የሚጠየቀውን ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃና ቀድሞ ሊኖርህ የሚገባውን ፈቃድ አስነብበህ ጻፍ። ብዙ ወጣት ከፍሎ፣ ሰልጥኖ፣ መጨረሻ ላይ የትምህርት ማስረጃው አልበቃ ብሎት ተመልሷል።

3. የዓይን ምርመራውን እንደ ፎርማሊቲ አትየው። በጉም ውስጥ የምትሠራ ሰው ነህ። መነጽር ካስፈለገህ ግዛ፤ ትርፍ መነጽርም ጋቢና ውስጥ ይኑርህ።

4. መታወቂያህን፣ የትምህርት ማስረጃህንና መንጃ ፈቃድህን ኮፒ አድርገህ ለየብቻ አስቀምጥ። ዋናውን «በመያዣነት» ለደላላም ሆነ ለአሠሪ አትስጥ። ዋናው ሰነድ ካልተያዘ ሥራ የለም የሚል ሰው ሥራ የለውም።

5. ተያዥ ቀድመህ አነጋግር። የሰው ንብረት በእጅህ ስለሚገባ አሠሪው ዋስ መጠየቁ አይቀርም። ዋስ ለሚሆንህ ዘመድ ምን እንደሚፈርም በግልጽ ንገረው።

ወደ ጂቡቲ የሚያሻግር ሥራ ካገኘህ የድንበር ማለፊያ ሰነድ ይጨመራል። ያን ግን የሚያስጨርስልህ የሚልክህ ድርጅት ነው፤ አሁን ገንዘብ አታውጣበት።

ደረጃ 3፦ ረዳት ሆነህ ግባ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ናቸው ቶሎ የሚወድቁት። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ረዳት መሆን ክብሩን የሚነካው ይመስለዋል። አንድ ወጣት «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ታኮ አላስገባም» ብሎኝ ነበር። ታኮ ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚገባው መያዣ ነው። ታኮ የማያስገባ ሹፌር መኪናው ብቻውን ሲሄድ ቆሞ የሚያይ ሹፌር ነው።

የት ትጠይቃለህ? ደብረ ብርሃን ውስጥ ከባድ መኪና የሚጠግኑ ጋራዦችና ጎሚስታዎች የመኪና ጫኞቹን ባለቤቶች በስልክ ቁጥር ያውቋቸዋል፤ ከእነርሱ ጀምር። ቀጥለህ የጭነት ትራንስፖርት ማኅበራትን ጠይቅ። አቅሙ ካለህ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ቃሊቲ አካባቢ ሁለት ሦስት ቀን ውለህ የጫኑ መኪኖችን ሹፌሮች በአካል አነጋግር። ጠዋት ሲጭኑ አትረብሻቸው፤ ጭነው ወረቀት ሲጠብቁ ነው የሚያወሩህ። «ሹፌር ሆኜ መቀጠር እፈልጋለሁ» አትበል። «ማሰር መማር እፈልጋለሁ» በል። ልዩነቱን ከፊታቸው ታያለህ።

ረዳት ሆነህ ከመሪው በፊት ልትችላቸው የሚገቡ፦

1. ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ በእጅ ምልክት መምራት። ሁልጊዜ በስፖኪዮው የምትታይበት ቦታ ቁም፤ እርሱ ካላየህ መኪናው መቆም አለበት። ይህን ቀድማችሁ ተስማሙ።

2. ማሰሪያ አጣጥፎ ማስቀመጥ። ሲጣል የተጠማዘዘ ማሰሪያ በማግስቱ ይቀደዳል።

3. የላይኛውን ወለል መውጣትና መውረድ። ፊትህ ወደ መሰላሉ ይሁን፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ምንጊዜም ይያዝ። አትዝለል። በዝናብ የራሰ ብረት ከሳሙና በላይ ያንሸራትታል፤ በዚህ ሥራ ሰው የሚሰበረው መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላይኛው ወለል ወድቆም ነው።

4. የዊንች ገመድ ሲወጠር ዳር መያዝ። በገመዱ መስመር ላይ ወይም በላዩ ላይ አትቁም፤ ከተበጠሰ የሚገርፈው በዚያ መስመር ላይ ያለውን ነው። ጓንት አድርግ። ገመዱን ስትለቅ ቢያንስ አምስት ዙር ከበሮው ላይ ይቅር።

ለስንት ጊዜ ረዳት ልሁን? ሹፌሩ አንተ ያሰርከውን ዳግመኛ ሳይፈትሽ እስኪነሳ ድረስ።

ደረጃ 4፦ ሳትፈትሽ አትረከብ

ከመጫን በፊት የሚሠራ ነው፤ ገንዘብ የሚበላውም ይኸው ነው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ መኪና በምሽት፣ ዝናብ እያካፋ ተረከብሁ። ጠዋት ሲደርቅ የግራው በር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጭረት ነበር። የፈረምሁት እኔ ነበርሁና የከፈልሁትም እኔ ነኝ።

1. በብርሃን ተረከብ። ማምሸቱ የግድ ከሆነ በርክክብ ቅጹ ላይ «በጨለማ ወይም በዝናብ የተረከበ፣ ቀለሙ አልታየም» ብለህ በእጅህ ጻፍ። መኪናው አቧራ ወይም ጭቃ ለብሶ ከሆነም ያንኑ ጻፍ፤ አቧራ ጭረት ይደብቃል።

2. ከፊት የግራ ፋና ጀምረህ አንድ ዙር ዙር፦ ኮፈን፣ መስታወት፣ ጣሪያ፣ በሮች፣ ጎማና ቸርኬ፣ የኋላ ፓራውልት። አቅጣጫህን አትቀያይር፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚዞር ሰው አይዘልልም።

3. በአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሳ። ጭረት ካለ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከሩቅ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም አንሳ።

4. ቁጠር፦ ቁልፍ ስንት፣ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ምንጣፍ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የቻርጅ ገመዱን ስም ጠርተህ አስመዝግብ። ገመዱ ውድ ነው፤ ሲጠፋም መጀመሪያ የሚጠየቀው ጫኙ ነው።

5. የሻንሲ ቁጥሩን በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ኬላ ላይ የሚያስቆምህ አንድ የተሳሳተ ፊደል ነው።

ያስረከበህ ሰው ጉዳቱን ለመጻፍ እምቢ ካለ አትጨቃጨቅ፤ አትጭንም። ለላከህ ሰው ፎቶውን ልከህ መልሱን በጽሑፍ ጠብቅ።

ደረጃ 5፦ ጫን

ከመጀመርህ በፊት መኪናህን ደልዳላ መሬት ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ። ድንጋይ ታኮ አይደለም፤ ይሰበራል፣ ይንሸራተታል፣ ተረስቶ አስፋልት ላይ ሲቀርም ከኋላ የሚመጣውን ሰው ይገድላል።

1. የጭነቱን ቅደም ተከተል በወረቀት ጻፍ። መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ ይጫናል። ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ከኮምቦልቻው ቀድሞ ከተጫነ እርሱን ለማውረድ ሁሉንም ልታወርድ ነው።

2. ከባዱን ወደ ታች አድርግ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ከወደብ የሚመጣው መኪና አብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር፤ የፎልክስቫገን አይዲ 4 ግን ከ2 ቶን ያልፋል። በቪትዝ ዘመን የተለመደውን የጭነት አደራደር እንዳለ አትውሰደው።

3. ዝቅ ያለ መኪና መወጣጫው ላይ ሆዱ ይነካል። የኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ባትሪ ነው። ከመወጣጫው ግርጌ የእንጨት ሳንቃ ደርድረህ ተዳፋቱን አርዝመው። ረዳትህ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከታች ይይ፤ «ቁም» ሲል ወዲያው ቁም።

4. በቀስታ አውጣ፤ በነዳጅ እየገፋህ አትዝለል። ወደ ላይ ስትወጣ ጭንቅላትህን በመስኮት አታውጣ።

5. በር ከመክፈትህ በፊት ክፍተቱን እይ። አብዛኛው የበር ጭረት የሚመጣው ከላይኛው ወለል ምሰሶ ጋር ሲጋጭ ነው። ቀበቶህ ላይ ብረት ካለ አውልቅ፤ ቁልፍ በወገብህ አታንጠልጥል።

6. የእጅ ፍሬኑን ያዝ፤ ማኑዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ አድርግ። ስፖኪዮውን እጠፍ፣ አንቴናውን ንቀል፣ መስኮቱን ዝጋ። ቁልፉን ስም ለጥፈህ ጋቢና ውስጥ አስቀምጥ።

7. ቁመቱን ለካ። ከመሬት እስከ ከፍተኛው ጣሪያ በሜትር ለክተህ ቁጥሩን ጋቢናህ ውስጥ ከፊትህ ለጥፍ። በዓይን መገመት የለም፤ ዋሻም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም፣ የግቢ በርም አለ።

መኪናው በራሱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ

የመጎተቻ ቀለበቱን ከመሣሪያ መያዣው አውጣና ፓራውልቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ አጥብቅ። በአንዳንድ መኪኖች ጥርሱ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ አልገባ ሲልህ በመዶሻ አትደብድብ፣ በተቃራኒው ሞክር። ዊንቹን መሪ ዘንግ ላይ ወይም ሌላ ቀጭን ብረት ላይ አታያይዝ።

የኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ 12 ቮልቱ ትንሹ ባትሪ ከሞተ ፓርኩም የእጅ ፍሬኑም አይለቅም። ከሌላ መኪና ትንሹን ባትሪ ብቻ አስነሳው። የሚነዱ ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ ረጅም መንገድ አትጎትተው። ብርቱካናማ ገመድ ካየህ እጅህን አትስደድ፤ ከፍተኛ ኃይል ያለበት ነው። ተጋጭቶ ወይም ጎርፍ ገብቶበት የነበረ የኤሌክትሪክ መኪና ከሌላ መኪና ጋር አብረህ አትጫን፤ ቆይቶ ሊቀጣጠል ይችላል።

ደረጃ 6፦ እሰር

ሥራው ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ከሌላ ጭነት መኪና ላይ መማር ትችላለህ።

ማሰር ያለብህ ምን ያህል ኃይል ለመቋቋም እንደሆነ እወቅ። በድንገተኛ ፍሬን መኪናው ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል በጭነት ማሰር ደንቦች የክብደቱ 80 ከመቶ ተብሎ ይታሰባል፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 ከመቶ። ስለዚህ 2 ቶን መኪና ወደ ፊት በ1.6 ቶን ይገፋል። ማሰሪያህ ላይ ያለውን ምልክት አንብብ፤ 2,500 ዴካ ኒውተን የሚል ከሆነ ቀጥ ብሎ ሲጎተት 2.5 ቶን ገደማ ይይዛል። ምልክቱ የተቀደደ ማሰሪያ ስንት እንደሚይዝ የሚነግርህ የለም፤ ጣለው።

1. ጎማውን እሰር፤ አካሉን አትሰር። ማሰሪያው ጎማውን ከላይ አቅፎ በሁለት ወገን ወደ ወለሉ ይውረድ። ጎማው የታሰረ መኪና ሞላው ላይ እንደ ልቡ ይወዛወዛል፣ ማሰሪያው ግን አይላላም። አካሉ ከታሰረ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይላላል።

2. አራቱንም ጎማ እሰር። ሁለት ይበቃል የሚሉህ አሉ፤ እነርሱ ጣርማበርን አይወርዱም ወይም እስካሁን ዕድላቸው ነው።

3. ማሰሪያው ስለታማ ብረት ላይ እንዳያልፍ፣ የፍሬን ቱቦ እንዳይጫን፣ ቸርኬ እንዳይፍቅ እይ። ቋጠሮ አትቋጥር፤ ቋጠሮ የማሰሪያውን አቅም ይቀንሳል።

4. በማጥበቂያው እስኪወጠር ሳብ፤ በብረት ቱቦ አስረዝመህ አታጥብቅ። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልለህ እሰር። በንፋስ የሚጋረፍ ጫፍ ከደብረ ብርሃን ጫጫ እስክትደርስ በር ላይ ያለውን ቀለም ይልጣል።

5. ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አስገባ።

6. አንድ ዙር ዞረህ እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጅህ ጎትት። በዓይን አትመን።

ከተነሳህ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆመህ እንደገና አጥብቅ፤ መኪናው በጎማው ላይ ሲረጋ ማሰሪያው ይላላል። ከዚያ በኋላ በቆምህ ቁጥር። ቡና ከማዘዝህ በፊት።

ደረጃ 7፦ ጣርማበርን መውረድ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ በደጋው ሜዳ ተቀምጣለች። ከዚያ ተነስተህ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር ትወጣለህ። ዋሻውን አልፈህ በደብረ ሲናና በአርማኒያ በኩል፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርደሃል። ብዙው በመዞሪያ ነው። ይህን መንገድ ባዶውን፣ ከዚያም ግማሽ ጭነህ፣ ከዚያም ሙሉ ጭነህ ልምድ ካለው ሹፌር ጋር ውረድ። ሙሉ ጭነት ይዘህ ብቻህን የመጀመሪያ ጊዜህ አይሁን።

ከመነሳትህ በፊት

ጠዋት የአየር ታንከሮቹን ውሃ አፍስስ። በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ታንከሩ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ የፍሬኑን መስመር ሊዘጋ ይችላል። የአየር መለኪያው እስኪሞላ ጠብቅ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ ፍሬኑን ረግጠህ ያዝ፤ ቀስቱ ቶሎ ከወረደ አየር ያፈስሳል፣ አትነሳም።

ጣርማበር አካባቢ ያለው መንገድ በክረምት በጉም ይሸፈናል። ከዋሻው በፊት ሰፊ ቦታ ላይ ቆመህ ማሰሪያህን፣ ጎማህን፣ የፍሬን ሙቀትህን ፈትሽ። ጉሙ የፊትህን መኪና ከጋረደብህ ጠብቅ። «ቀስ እያልሁ እሄዳለሁ» ማለት ከኋላህ የሚመጣው አውቶቡስ ቀስ ይላል ማለት አይደለም።

ሲወረድ

1. ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስ። ያንኑ ቁልቁለት ወደ ላይ ብትወጣው በምትመርጠው ማርሽ ወይም ከዚያ በአንድ ዝቅ ባለው ውረድ። ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹ አልገባ ካለህ መኪናው ነጻ ይሆናል።

2. በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ አትውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በፎሌ የወረደ ሹፌር ታሪክ በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን የነገሩን ሌሎች ናቸው።

3. የሞተር ፍሬኑን ክፈት። ዋናውን ፍሬን ያለማቋረጥ እግርህን ጭነህ አትያዝ። ፍጥነቱ ሲጨምር አጥብቀህ ርገጥ፣ ፍጥነቱ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርድ ልቀቅ፣ የፍሬኑ ሸራ ይንፈስ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ታምቡሩን (ሸራው የሚያርፍበትን ብረት) ያግላል፤ የጋለ ታምቡር ደግሞ ይሰፋና ሸራው አይደርስበትም። ፔዳሉ አለ፣ ፍሬኑ የለም።

4. ዋሻው ውስጥ መብራትህን አብራ፣ አትቅደም። ከፊት ከባድ መኪና ከመጣ ከመግባትህ በፊት ጠብቀው።

5. ደብረ ሲና ላይ ቁም። ጎማዎቹን ሳትነካ እጅህን አስጠግተህ ሙቀታቸውን እይ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። ውሃ አትድፋበት፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ጠብቅ።

ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጎማህ በሙቀቱ ስለሚነፋ የለካኸው አየር ከጠዋቱ ይበልጣል። አታስተንፍሰው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎዶሎ ይሆንብሃል። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ስትቀጥል ሰንበቴ እሑድ ገበያ ነው፤ ወደ ሚሌ የምትወጣ ከሆነ ባቲ ሰኞ። ግመል፣ ፍየልና ሰው አስፋልቱን ይሞላዋል፤ ከቻልህ ቀኑን ቀይር። የመንገዱን ጸጥታ ጠዋት ከዚያ አቅጣጫ ከመጡ ሹፌሮች ጠይቅ፤ ከትናንት የሰማኸው አይበቃም።

ጾም ላይ ካለህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ቁልቁለቱን አትውረድ፤ ጉዞህን አደራጅ ወይም ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። ጫት እንቅልፍ ያባርራል ለሚሉህም፣ እንቅልፉ ተመልሶ የሚመጣበትን ሰዓት እንደማይመርጥ ንገራቸው።

ፍሬን ቢጠፋ

ፍሪሲዮን አትርገጥ፤ ማርሹ እንደገባ ይቆይ። የሞተር ፍሬኑን ክፈት። የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ አትሳብ፣ ጎማው ተቆልፎ ተሳቢው ይታጠፋል፤ ጥቂት በጥቂት ሳብ። ጥሩንባ ንፋ፣ አደገኛ ሁኔታ አመልካቹን አብራ። ማቆም ካልቻልህ ከገደሉ ወገን ራቅ፤ በተራራው ወገን ያለ ቦይ ወይም አፈር ላይ አሻሽተህ አቁመው። መኪኖቹ ይበላሻሉ። ይበላሹ።

ደረጃ 8፦ ውል ስትፈርም

በዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቅ።

የጫንሁት መኪና ቢጎዳ የሚከፍለው ማን ነው? የሦስተኛ ወገን መድን በላይህ ያለውን ጭነት አይሸፍንም፤ የጭነት መድን ለብቻው ይገባል። አሠሪው አለኝ ካለ ወረቀቱን አሳየኝ በለው።

ደመወዙ በወር ነው ወይስ በጉዞ? አበል፣ የኮቴና የጎሚስታ ወጪ ከማን ነው? በጉዞ የሚከፈል ከሆነ ወረፋ ስትጠብቅ የምታድርበት ቀን እንዳይረሳ።

የመኪናው ሊብሬ፣ ቦሎና መድን ጊዜው አላለፈም? አንተ ካልጠየቅህ ትራፊክ ፖሊስ ይጠይቃል፣ ቅጣቱንም አንተ ትቀበላለህ።

ሥራ ሲሰናከል

ማሰሪያ መንገድ ላይ ቢበጠስ፦ ወደ ዳር ውጣ፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት አስቀምጥ፣ በትርፍ ማሰሪያ ተካ። ሁልጊዜ አራት ትርፍ ይኑርህ። በተበጠሰው ላይ ቋጠሮ ሠርተህ አትቀጥል።

የተጫነው መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ቢያድር፦ የማንቂያው ሥራ ነው። በየጊዜው ቁልፍ ይዘህ አትመላለስ፤ ባትሪውን ይጨርሳል። ከመጫንህ በፊት ያስረከበህን ሰው ማንቂያው እንዴት እንደሚጠፋ ጠይቅ።

ቁልፉ ውስጥ ቢቆለፍ፦ መስታወት አትስበር፣ ሽቦ አታስገባ። ለባለቤቱ ደውል፤ ሁለተኛው ቁልፍ እስኪመጣ ያ መኪና የታሰረበት ይቆይ፤ ከኋላው ያሉት ይውረዱ።

ከኤሌክትሪክ መኪና ጭስ፣ የሚያሾክሽክ ድምፅ ወይም ኃይለኛ የኬሚካል ሽታ ቢመጣ፦ ከሰው ርቀህ ቁም፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ራቅ፣ ሰው አታስጠጋ፣ እሳት አደጋ ጥራ። በጋቢና ማጥፊያህ አታጠፋውም።

ተቀባዩ ስታስረክብ «ይህ ጭረት አንተ ያመጣኸው ነው» ቢልህ፦ ድምፅህን አታንሳ። ስትረከብ ያነሳኸውን ፎቶ ከነሰዓቱ አሳየው። ጭረቱ እዚያ ከሌለ ያንተ ነው፤ ቅጹ ላይ ርዝመቱንና ቦታውን በትክክል ጽፈህ ፈርም፣ የፈረምኸውን ፎቶ አንሳ፣ ለአሠሪህም በዚያው ሰዓት ደውል። ከሌላ ሰው እስኪሰማ አትጠብቅ።

ተቀባዩ ካልመጣ፦ ለጥበቃ ወይም ለጎረቤት ሱቅ ቁልፍ አትስጥ። በሊብሬው ወይም በውክልና ስሙ ያለ ሰው መታወቂያውን አሳይቶ እስኪፈርም መኪናው በላይህ ይደር። ማሰሪያውንም ፊርማው እስኪያልቅ አትፍታ።